ከሲኒ እስከ ፋሲል ግንብ፦ የንድፍ መልመጃና የእርማት አጠቃቀም

አንድ ሰው ሃምሳ ገጽ መስመር አስምሮ፣ ሃምሳ ሲኒ ሥሎ እጁ እዚያው ከሆነ ጉዳዩ የተሰጥኦ ላይሆን ይችላል። ሃምሳኛውን ሲኒ የሣለው የመጀመሪያው ላይ ምን እንደተበላሸ ሳይጠይቅ ነው። ልምምድ ትክክሉንም ስህተቱንም እኩል ያጸናል፤ እጅ አይመርጥም። ስለዚህ እዚህ እያንዳንዱ መልመጃ ከተለመደ ስህተቱና ከማረሚያው ጋር ተጽፏል። ሰው አስተያየት ሲሰጣችሁ ምን እንደምታደርጉበት ደግሞ ወደ መጨረሻው አለ። ለዚህ ሥራ ጎንደር የተመቸች ከተማ ናት፦ ቤት ውስጥ ረከቦት አለ፣ ደጅ ላይ ዳገት አለ፣ መሃል ከተማ ባለ ክብ ማማ ግንብ ቆሟል።

ዕቃ

አንድ ኤችቢ (መካከለኛ) እና አንድ አራት ቢ (ለስላሳና ጥቁር) እርሳስ፣ ተራ ስክርቢቶ፣ ላጲስ፣ ምላጭ፣ ባለ 80 ግራም ኤ ፎር ወረቀት። በቃ። ውድ የሥዕል ደብተር አትግዙ፤ ገጹ የሚያሳሳው ሰው ለማበላሸት ይፈራል፣ ማበላሸት የሚፈራ ደግሞ አይለማመድም። አንድ ደስጣ ወረቀት ከጓደኛ ጋር ተካፍሎ መግዛት ይሻላል።

በመቅረጫ የተቀረጸ ጫፍ አጭር ነው። በምላጭ፣ ስለቱን ከራሳችሁ ወደ ውጭ እየገፋችሁ፣ ጥቁሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪወጣ ቅረጹት። ጫፉ ሲረዝም እርሳሱን አጋድላችሁ ሰፊ ጥላ፣ አቁማችሁ ቀጭን መስመር ታወጡበታላችሁ። ስክርቢቶው ለመስመር መልመጃ ነው፤ ስለማይጠፋ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት እንድታስቡ ያስገድዳል።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ መሣል አንድ የተደበቀ ጣጣ አለው። የወረቀቱ ላይኛው ክፍል ከዓይናችሁ ስለሚርቅ ተጨብጦ ይታያችኋል፤ እናንተም ሳታውቁት ታስረዝሙታላችሁ። በኋላ ሥዕሉን ቀና አድርጋችሁ ስታዩት ሰውም ጀበናም ወደ ላይ ተስቦ ይገኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጠንካራ ካርቶን ጉልበታችሁ ላይ ወይም የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጋድላችሁ ወረቀቱ ፊት ለፊታችሁ እንዲያይ ማድረግ።

መስመር

በወረቀቱ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ነጥቦች አድርጉ። ስክርቢቶውን ወረቀቱን ሳታስነኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሦስት ጊዜ አመላልሱ፤ እጃችሁ መንገዱን ይልመድ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳታመነቱ አስምሩ። ዓይናችሁ የሚያየው መድረሻውን ነጥብ እንጂ የስክርቢቶውን ጫፍ አይደለም። አንድ ገጽ 20 መስመር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እጅ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ዓይን ግን ሥራውን ያቆማል።

መስመሩ ከተንቀጠቀጠ በዝግታ ስባችሁታል፣ ወይም ዓይናችሁ ጫፉን ተከትሏል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ደገን ካለ ክንዳችሁ ክርን ላይ ብቻ እየዞረ ነው፤ ከትከሻ አንቀሳቅሱት። መጨረሻው ላይ እንደ ሜንጦ ከታጠፈ ነጥቡ ጋ ሳትደርሱ እጃችሁን ማንሳት ጀምራችኋል። ነጥቡን ቢያልፍ ግን አትጨነቁ፤ ያለፈ ቀጥ ያለ መስመር ነጥቡ ላይ ከቆመ ጠማማ መስመር ይሻላል። ከሁሉ የሚከፋው በአጫጭር ጭረቶች እየተቀጣጠለ የሚሄደው ፀጉራም መስመር ነው። ከሩቅ ሲያዩት ትክክል ስለሚመስል ብዙዎች ዓመት ሙሉ አብረውት ይኖራሉ። የሚያመጣው ፍርሃት ነው፤ በላጲስ አይታረምም፣ በስክርቢቶ ግን ይጠፋል።

ሲኒና ጀበና

ንድፍ የሚማር ሰው ከማንኛውም ነገር በላይ የሚቸገረው በሞላላ ነው። ክብ ነገር ከጎን ሲታይ ሞላላ ይሆናል፤ የሲኒ አፍ፣ የምጣድ ጠርዝ፣ የመሶብ ክዳን ሁሉ ሞላላ ነው።

አንድ ሲኒ ረከቦት ላይ አስቀምጡና ዓይናችሁ ከአፉ ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ በሉ። አፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። አሁን ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ መስመሩ ይከፈታል፣ ውስጡ ይታያል፣ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ወደ ክብ ይጠጋል። ደንቡ ከዚህ ይወጣል፦ ክቡ ከዓይናችሁ ከፍታ በታች እየራቀ በሄደ ቁጥር ሞላላው እየተከፈተ ይሄዳል። የሲኒው መቀመጫ ከአፉ በታች ስለሆነ፣ ምንም እንኳ ስፋቱ ቢያንስ፣ ከአፉ ይልቅ ክብነት አለው።

ብዙ ጀማሪዎች ግን የሲኒውን መቀመጫ ቀጥ አድርገው ያሰምሩታል። አእምሮ ረከቦቱ ጠፍጣፋ መሆኑን ያውቃልና የሚያውቀውን ይሥላል። እንዲህ የተሣለ ሲኒ አፉ ከላይ የታየ፣ እግሩ ከፊት የታየ ይሆንና የተቆረጠ ይመስላል። አንድ ሰው «የሆነ ነገር አለው» ብሎ ምን እንደሆነ መናገር ካቃተው መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

ለመለካት ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ፣ የሞላላውን ቁመት እርሳሱ ላይ በአውራ ጣት ያዙ። ያ ቁመት በሞላላው ስፋት ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? ሦስት ጊዜ ከገባ ወረቀቱም ላይ ሦስት ጊዜ ይግባ። ክርን አንዴ ታጥፎ አንዴ ከተዘረጋ ልኬቱ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ሞላላ ለመሣል መጀመሪያ ሲኒውን መሃል ለመሃል የሚሰነጥቅ ቀጭን ቁም መስመር አስምሩ። ሞላላው በዚህ መስመር ግራና ቀኝ እኩል ነው፣ ረጅሙ ወርዱም መስመሩን በቀጥታ ያቋርጠዋል። እጃችሁን በአየር ላይ አዙሩ፣ ከዚያ ሳታቆሙ ሁለት ዙር ሣሉ፤ ከሦስት ዙር በላይ ከሄደ ትክክለኛውን ቅርጽ ራሳችሁም አታገኙትም። ሁለት ስህተት ተጠባበቁ። አንደኛው ሁለቱ ጫፎች እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል መሾል ነው። ጫፍ ላይ እጅ ቆሞ ስለሚመለስ ይመጣል፤ የሲኒ ጠርዝ ግን የትም ቦታ ማዕዘን የለውም። ሁለተኛው ላይና ታቹ ቀጥ ብሎ ጎንና ጎኑ ብቻ መዞር ነው፤ የሩጫ ሜዳ ይመስላል።

ሲኒው ሲገራላችሁ ወደ ጀበና እለፉ። ሆዱ ኳስ ነው፣ አንገቱ ሲሊንደር፤ የተቀመጠበት ማቶትም ራሱ ሞላላ ነው። ብዙ ሰው ሆዱን ጨርሶ አንገቱን ከላይ ይለጥፍበታል፣ ስለዚህ አንገቱ ከሆዱ ጋር አንድ ሸክላ አይመስልም። መጀመሪያ ከማቶት እስከ አፍ አንድ ቁም መስመር አውጡ፤ አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበትን ቦታም በሞላላ ከቡት፣ ከኋላ የማይታየውን ግማሽ ጭምር። ያ መስመር በኋላ ይጠፋል፣ ግን አንገቱን መቀመጫ ይሰጠዋል። እጀታውን በመጨረሻ አድርጉ፤ የእጀታውን ቅርጽ ከመሣል በእጀታውና በሆዱ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ መሣል ይቀላል። ባዶውን አእምሮ ስም ስላልሰጠው ዓይን በትክክል ያየዋል።

ሳጥን፣ ከዚያ ዳገት

የክብሪት ቀፎ ውሰዱ። በሁለት ጎኑ እንዲታይ አዙሩትና ወደ ኋላ የሚሸሹት ጠርዞች እየተቀራረቡ መሄዳቸውን አስተውሉ። በአንድ ገጽ አሥር ቀፎ በተለያየ አቅጣጫ ሣሉ፤ ስትጨርሱ በሌላ ቀለም እያንዳንዱን ሸሺ ጠርዝ አስረዝሙ። ወደ አንድ ወገን የሚሸሹት መስመሮች እየተጠጋጉ መሄድ አለባቸው። እየተራራቁ ከሄዱ ሳጥኑ ከኋላ ከፊቱ ይሰፋል፤ በጣም የተለመደ ነው፣ ከማስረዘም በቀርም በዓይን አይያዝም።

ከተማ ወጥታችሁ ፒያሳ አካባቢ ስትሥሉ ግን መጽሐፍ ላይ የምታገኙት ደንብ ሊያሳስታችሁ ይችላል። የመማሪያ ሥዕሎች መንገዱን ሜዳ አድርገው የመንገዱም የጣሪያውም መስመር በዓይን ከፍታ ላይ እንዲገናኝ ያደርጋሉ። የጎንደር መንገድ ሜዳ አይደለም። ወደ ዳገቱ ስታዩ የመንገዱ ሁለት ጠርዝ ከዓይናችሁ ከፍታ በላይ ይገናኛል፤ ወደ ቁልቁለቱ ስታዩ ከዓይን ከፍታ በታች። የቤቶቹ መስኮትና ጣሪያ ግን በውኃ ልክ ስለተሠሩ አሁንም የሚገናኙት በዓይን ከፍታ ላይ ነው። መንገዱንና ቤቱን አንድ ነጥብ ላይ ካገናኛችሁ ዳገቱ ይጠፋል፣ ወይም ቤቶቹ ከመንገዱ ጋር አብረው ያዘማሉ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት እርሳስ አግድም ዘርግታችሁ የዓይናችሁ ከፍታ በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚያልፍ አረጋግጡና በቀጭኑ አስምሩት። የቤቶቹ መሠረት በዳገቱ ላይ እንደ ደረጃ ሲወጣ በትክክል ከያዛችሁት፣ አስፋልቱን ሳትነኩት እንኳ ዳገቱ ይታያል።

ግንቡ

በዐፄ ፋሲል ዘመን (1632–1667 በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተሠራው ግንብ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች አሉት፣ ጉልላታቸውም ክብ ነው። የሲኒው ትምህርት እዚህ ይገለበጣል። ማማው ከዓይናችሁ በላይ ስለሚወጣ፣ የድንጋዩ ረድፍ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር የሚታየው የፊት ጠርዙ ወደ ላይ እየጎበጠ ይሄዳል፤ ዓይናችሁ ጋር ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በታች እንደ ሲኒው ወደ ታች ይጎብጣል። ሣር ላይ ተቀምጣችሁ ስትሥሉ የዓይናችሁ ከፍታ ከመሬት ከአንድ ሜትር በታች ስለሆነ ወደ ታች የሚጎብጠው በጣም ጥቂት ነው። የማማውን ጫፍ ወደ ታች አጉብጦ የሣለ ሰው ማማውን ከሰማይ ሆኖ ያየው አስመስሎታል።

ድንጋዩን አንድ በአንድ አትቁጠሩ። እያንዳንዱ ድንጋይ ሲሣል ግንቡ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል፣ ክብነቱም ይሞታል። ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ሰርጥ ላይ ጥቂት ድንጋዮች ካሳያችሁ ዓይን የቀረውን ይሞላዋል።

ጥላ ላይ አጭር እንሁን። ከነጭ ወረቀት እስከ አራት ቢ ድረስ በአምስት ሣጥን ደረጃ አውጡ፤ አንደኛው ምንም ያልተነካ ወረቀት ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ከፊታችሁ ያለውን ነገር ለእነዚህ አምስት ደረጃዎች አከፋፍሉ። በጣት ማሸት ይቅርባችሁ፤ የቆዳ ወዝ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ጥላው ይቆሽሻል። ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ አናት ስለምትጠጋ ጥላው አጭርና ደባሪ ይሆናል። ለግንብ የሚመቸው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ የማማው አንድ ወገን ብቻ ይበራል። ጥላው ስለሚሸሽ የጥላውን ድንበር በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ አስምራችሁ ያዙት፣ በኋላም ፀሐይን ተከትላችሁ አትቀይሩት።

ስለ ጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቃል። የጣሪያውን ባለ ክንፍ ፊቶች መገልበጥ ጥሩ መልመጃ ነው፤ በዚያ አሣሣል ግን ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በጎን ፊት በአንድ ዓይን የሚሣልበት የራሱ ሥርዓት አለ። የፐርስፔክቲቭ (የርቀት አሣሣል) ስህተት ልትፈልጉበት አትሂዱ፤ ደንቡ ሌላ ነው። እዚያ የምትማሩት የመስመርን ቁርጠኝነት ነው።

እርማት

«ጎበዝ!»፣ «በርቺ!»፣ «እጅህ ይባረክ!» ምርቃት ነው፤ ተቀብላችሁ አመስግኑ፣ ግን ነገ ምን እንደምትለማመዱ አይነግራችሁም። በአብነት ትምህርት ቤት የዜማ ተማሪ ሲስት መምህሩ ያው የሳተበት ላይ አቁሞ ያቀናዋል፣ ያስደግመዋል። ንድፍም የሚፈልገው ይህን ነው፦ ቦታው ተለይቶ የተነገረ ስህተት፣ ከዚያ ድግግሞሽ።

ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ራሳችሁ የምታገኙትን አግኙ። ሥዕሉን በመስታወት ተመልከቱት፤ የተገለበጠው ምስል ለዓይን አዲስ ስለሆነ የተዛነፈው ወዲያው ይታያል። ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ሦስት እርምጃ ራቁ። አሳድሩትና ጠዋት እዩት።

በስልክ የምትልኩ ከሆነ የፎቶው አነሳስ ራሱ ስህተት ይፈጥራል። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ዘርጉ፣ ስልኩንም ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ከላይ አንሡ። ስልኩ ካጋደለ ሞላላው ይጠባል፣ አስተያየት ሰጪውም የካሜራውን ጥፋት ሲያርም ይውላል። የሣላችሁትንም ነገር ፎቶ አብራችሁ ላኩ፤ የተነሣው ግን እናንተ ከተቀመጣችሁበት ቦታና ከዓይናችሁ ከፍታ ይሁን። ቆሞ የተነሣ ጀበና ተቀምጦ ከተሣለ ጀበና ጋር አይነጻጸርም።

«እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ «ቆንጆ ነው» ይሰማል። ይሉኝታ አለ፣ ሰው ሊያስቀይማችሁ አይፈልግም። ጥያቄውን አጥብቡት፦ «የሲኒው ግራና ቀኝ እኩል ነው?»፣ «ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጧል ወይስ ተንሳፍፏል?»፣ «ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው ይከፋል?» የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ይሠራል፤ ከሦስት ሥዕል አንዱን መጣል ነውር አይደለም።

እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰውም ይጠቅማችኋል። ቡና የምታፈላው እናት ወይም እኅት ሥዕሉን አይታ «ይሄ ጀበና ይወድቃል» ካለች እመኗት፤ ዕድሜ ልኳን የቆመ ጀበና ስታይ ኖራለች። «አንገቱን አሳጥረው» ካለች ግን ቆም በሉ። የማይሥል ሰው ሕመሙን በትክክል ያያል፣ መድኃኒቱን ግን ሊስት ይችላል። ጀበናው የሚወድቀው አንገቱ ረዝሞ ሳይሆን ቁም መስመሩ ዘሞ ሊሆን ይችላል። ክር ጫፍ ላይ ቁልፍ አስራችሁ ከፊታችሁ አንጠልጥሉና አንገቱን ከክሩ ጋር አስተያዩ።

ሁለት ሰዎች የሚቃረን ነገር ከነገሯችሁ አማካዩን አትፈልጉ። ወደ ዕቃው ተመለሱና ለኩ፤ ሲኒው ዳኛ ነው። ብዙ እርማት በአንድ ጊዜ ከመጣም በዚህ ቅደም ተከተል ያዙት፦ መጀመሪያ ልኬትና ቦታ፣ ቀጥሎ የዓይን ከፍታና የሞላላ ጉዳይ፣ ከዚያ ጥላ፣ በመጨረሻ የመስመር ውበት። ልኬቱ የተሳሳተን ጀበና ጥላውን ማሳመር ጊዜ መፍጀት ነው።

ከዚያ የሚቀረው እርማቱን ወደ መልመጃ መለወጥ ነው። በደብተር ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀኑን፣ የተባለውን በተባለበት ቃል፣ ሥዕሉ ላይ ያለበትን ቦታ፣ ነገ የሚሠራውን። ለምሳሌ «ሲኒው ግራ በኩል ወድቋል» ከተባለ ነገ 15 ሞላላ ከነቁም መስመራቸው። «ጠፍጣፋ ነው» ከተባለ አንድ ዕንቁላል፣ በሦስት ደረጃ ጥላ ብቻ። «መስመሩ ደክሟል» ከተባለ አንድ ገጽ የሁለት ነጥብ መስመር በስክርቢቶ። በቀን 30 ደቂቃ ካላችሁ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ለዚህ ይሁን፣ ቀሪው 20 ደቂቃ ያንኑ ዕቃ እንደገና ከዜሮ መሣል።

ከዜሮ የሚለውን አስምሩበት። የታረመውን ሥዕል ላጲስ ይዞ መጠገን ሥዕሉን ያሻሽላል፣ እጃችሁን ግን አያሻሽልም፤ ስህተቱን የወለደው አካሄድ አልተነካምና። ማረም የምትፈልጉ ከሆነ ስስ ወረቀት አሮጌው ላይ ደርባችሁ፣ በመስኮት መስታወት ላይ ይዛችሁ፣ ስህተቱን በቀይ ስክርቢቶ አመልክቱ። አሮጌው እንዳለ ይቀመጥ፣ ቀኑም ጥግ ላይ ይጻፍበት። ተመሳሳይ እርማት በሦስት የተለያየ ቀን ከተደገመ አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ አንድ እርከን ወደ ታች ውረዱ፣ ከጀበና ወደ ሲኒ፣ ከሲኒ ወደ ባዶ ሞላላ።

የሌላ ሰው ሥራ ላይ ስትናገሩም ጣታችሁን ቦታው ላይ አድርጉ። «ፐርስፔክቲቩ ልክ አይደለም» ከማለት «ይሄኛው የመስኮት ጠርዝ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከአጠገቡ ያለው ወደ ታች» ማለት። ሳትጠይቁ በሰው ሥዕል ላይ አትሣሉ፤ ስስ ወረቀቱን ደርቡ።

ገጾቹን በክረምት አትቆልሏቸው፤ እርጥበት ያጎብጣቸዋል፣ አራት ቢውም ወደ ጎረቤቱ ገጽ ይተላለፋል። በመሃላቸው ንጹሕ ወረቀት አስገብታችሁ በላስቲክ ከረጢት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከወር በኋላ የመጀመሪያውን ሲኒ ከመጨረሻው አጠገብ ለማድረግ ያስፈልጓችኋል።